18 በመቶ ተብሎ 26.75 የሆነው ኦቨርድራፍት

ባንኩ በ18 በመቶ ወለድ ያበደረኝ ገንዘብ በአንድ ዓመት ውስጥ 26.75 በመቶ አስወጥቶኛል። ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ዓመቱ ሲያልቅ ስቴትመንቴን፣ ማለትም የባንክ ሒሳብ መግለጫዬን፣ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንብቤ፣ ከሒሳቤ የተቀነሰውን እያንዳንዱን ክፍያ ለየብቻው ጽፌ ስደምረው ነው ያገኘሁት። በኦቨርድራፍት (በሒሳብህ ካለህ ገንዘብ በላይ እንድታወጣ በሚፈቅድ የባንክ ብድር) የምትሠሩ፣ ወይም ለመጀመር የምታስቡ ሁሉ ስሌቱን በራሳችሁ ሒሳብ ላይ እንድትሞክሩት ስለምፈልግ ቁጥሮቼን ሳልደብቅ አስቀምጣለሁ።

ሥራዬ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ማሰፋት ነው። አዳማ ውስጥ ያለችው የስፌት ቤቴ ትንሽ ናት፤ ጥቂት ሰፊዎች፣ አንድ ቆራጭ፣ አንድ ልብስ ተኳሽ፣ በሥራ ወቅት ደግሞ ቁልፍ የሚተክሉና ክር የሚለቅሙ ልጆች አሉ። በዚህ ሥራ ገንዘብ የሚወጣበትና የሚገባበት ጊዜ አይገናኝም። ጨርቅ መግዛት የምጀምረው ግንቦት ላይ ነው። ሰኔና ሐምሌ ይቆረጣል፣ ይሰፋል፤ ደመወዙም የኤሌክትሪኩም ወጪ የሚበዛው ያኔ ነው። ነሐሴ ላይ ልብሱ ታጥፎ በየትምህርት ቤቱ ስም ተለይቶ ይደረደራል። ትምህርት ቤቶቹ ግን ከወላጆች ሰብስበው የሚከፍሉኝ መስከረም ካጋመሰ በኋላ ነው፤ ጥቅምትን የሚያስገቡም አሉ። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለተቀደደ ሱሪ ምትክና ለጎደለ ሹራብ ማሟያ ብቻ የምንሠራበት ነው።

እንዲህ ላለ ሥራ ኦቨርድራፍት ከጊዜ ገደብ ብድር ይሻላል፤ ዛሬም ይህንኑ ነው የምለው። የጊዜ ገደብ ብድር ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ያሸክምሃል፤ ባትጠቀምበትም ወለዱ ይቆጥራል። ኦቨርድራፍት ግን ከተንቀሳቃሽ ሒሳብህ ላይ እስከ ተፈቀደልህ ጣሪያ ድረስ ከዜሮ በታች እንድትወርድ ይፈቅዳል፤ ወለዱም የሚታሰበው በየዕለቱ ባለው ዕዳ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ገንዘብ ሲገባ ዕዳው ይጠፋል፣ ወለዱም ይቆማል።

ሌላው አማራጭ ዱቤ ነበር። መርካቶ ጨርቅ የሚሸጡልኝ ነጋዴዎች ደግ ናቸው፣ ያምኑኛል፤ ዱቤ ግን ዋጋ አለው። በእጅ በእጅ ሜትሩን 210 ብር የሚሸጥልኝ ነጋዴ፣ በወር ዱቤ 222 ይለኛል። አሥራ ሁለቱ ብር ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን ለአንድ ወር ብቻ ከ5 በመቶ በላይ ናት። 18 በመቶ የዓመት ወለድ በወር አንድ ከግማሽ በመቶ ነው። ባንኩ ክፍያ ደራርቦብኝ 26.75 በመቶ በደረሰበት ዓመት እንኳ በወር ሲታሰብ 2.23 በመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ የምጽፈው ኦቨርድራፍት ይቅርባችሁ ለማለት አይደለም። የምትከፍሉትን እወቁ ለማለት ነው።

አሁን ወደ ስሌቱ ልምጣ። የመጀመሪያው ውሌ ጣሪያ 1,500,000 ብር ነበር። እኔ የጠየቅሁት ከዚያ ያነሰ ነው። የብድር ባለሙያው ለብድሩ መያዣ ያደረግሁትን ቤት ግምት አይቶ «ቤትዎ ከዚህም በላይ ይሸከማል፤ ጣሪያውን ሰፋ አድርገን እንያዝልዎት» አለኝ። በመልካም ልብ እንዳለው አልጠራጠርም። በዚያ ዓመት ከፍተኛው ዕዳዬ 900,000 ብር ገደማ ደረሰ፤ የክረምቱን ጫፍና የበጋውን ባዶነት አቻችዬ ሳሰላው የዓመቱ አማካይ ዕዳዬ 400,000 ብር ነበር። አማካዩን ለማግኘት የየቀኑን ቀሪ ሒሳብ መደመር አያስፈልግም። በዓመቱ የተቆረጠብህን ወለድ ሁሉ ደምረህ ለወለድ መጠኑ አካፍለው። እኔ የከፈልሁት ወለድ 72,000 ብር ነው፤ ለ0.18 ሲካፈል 400,000 ይመጣል። ወለዱ በየወሩ ከዋናው ዕዳ ጋር እየተደመረ መልሶ ወለድ ስለሚወልድ ይህም በዕዳው ውስጥ ገብቶ ተቆጥሯል።

ከወለዱ በተጨማሪ ምን ተቆረጠ? በመጀመሪያ፣ ሳልነካው በቀረው ገንዘብ ላይ በዓመት 1 በመቶ የሚታሰብ ክፍያ አለ፤ ባንኮች የኮሚትመንት ክፍያ ይሉታል። ከ1,500,000 ውስጥ በአማካይ 1,100,000 ብር ሳይነካ ስለቀረ 11,000 ብር ሆነ። ቀጥሎ የውል ማደሻ ክፍያ አለ፤ የጣሪያው 1 በመቶ፣ ማለትም 15,000 ብር። ይህኛው ብትጠቀምበትም ባትጠቀምበትም በጣሪያው ላይ ነው የሚታሰበው። በዚያ ዓመት ቤቱ እንደገና እንዲገመት ስለተደረገ ለግምቱ 4,000 ብር ከፈልሁ። ለመያዣው ቤት የእሳት አደጋ መድን ደግሞ 5,000 ብር፤ ይህ ወደ መድን ድርጅት የሚሄድ ቢሆንም ብድሩ ባይኖር አልገባውም ነበርና ከብድሩ ወጪ ቆጥሬዋለሁ። ሁሉም ሲደመር 107,000 ብር። በአማካይ ለተጠቀምሁበት 400,000 ብር ሲካፈል 26.75 በመቶ። ዛሬ ላይ ደግሞ በአገልግሎት ክፍያዎቹ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጨምሮበታል፤ ወለዱን ግን አይነካም።

ይህን ወረቀት ላይ አስፍሬ ሳየው የገረመኝ የወለዱ ነገር አልነበረም። ወለዱን ስፈርም አውቀዋለሁ። የገረመኝ ከክፍያዎቹ አብዛኛው ከተጠቀምሁበት ገንዘብ ጋር ሳይሆን ካልተጠቀምሁበት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። ስለዚህ በ2015 ጥር ውሉ ሲታደስ ጣሪያው ወደ 1,000,000 ብር ዝቅ እንዲል ጠየቅሁ። ባለሙያው ግራ ተጋባ፤ ጣሪያ ይጨመርልኝ የሚል እንጂ ይቀነስልኝ የሚል ደንበኛ ብዙም አያጋጥመውም። ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ በአዲሱ ጣሪያ ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ የኮሚትመንት ክፍያው 6,000፣ ማደሻው 10,000፣ ጠቅላላው 97,000 ብር፤ በመቶኛ 24.25። አሥር ሺህ ብር ለእኔ የአንድ ጥሩ ሰፊ ደመወዝ ነው።

በዚህ ብቻ ብቆም ግን ግማሹን እውነት ነው የምነግራችሁ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ አደረገ። ቆይቶ በ2017 ወደ 18 በመቶ ከፍ ተደረገ፤ እስከዚያ ግን ባንኮች ያላቸውን ትንሽ ቦታ ለትልልቅ ደንበኞቻቸው አደረጉት። ቀጥሎ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የምንሰፋው ጨርቅ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ የጣቃው ዋጋ በሳምንት ውስጥ ሲለዋወጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ የልብሱን ዋጋ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር የተስማማሁት በግንቦት ነበር። ጣሪያዬ ወደ ቀድሞው እንዲመለስልኝ ማመልከቻ አስገባሁ፤ «ገደቡ አይፈቅድም» ተባልሁ። ያን ጊዜ የኮሚትመንት ክፍያ ምን እንደሚገዛ ገባኝ። የተዘጋ በር ለማስከፈት ከመለመን፣ በሩን ክፍት ለማቆየት በዓመት መቶ ብር ላይ አንድ ብር መክፈል ርካሽ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዛሬ ሰው ምን ያህል ጣሪያ ይያዝ ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ባለፉት ዓመታት ከደረሰበት ከፍተኛ ዕዳ ላይ ሩብ ያህል ጨምሮ ይያዝ እላለሁ። ቤቱ የሚሸከመውን ያህል አይደለም፤ ሥራው የሚፈልገውን ያህል።

የተናደድሁበትን ነገር ልናገር። በዚያው በ2016 ክረምት ዕዳዬ ጣሪያውን ሊነካ ተቃርቦ ነበር። ባንኮቻችን ወር የሚዘጉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ የወለድ መቁረጫው ቀን በእኛ ወር መጨረሻ ሳይሆን ነሐሴ 25 ላይ ይውላል። ለደንብ ልብስ ሰፊ ከዚያ የከፋ ቀን የለም፤ ልብሱ ሁሉ አልቋል፣ ገንዘቡ ግን አልገባም። በዚያን ዕለት ዕዳዬ 988,000 ብር ነበር። የወሩ አማካይ ዕዳ 930,000 ስለነበር የ31 ቀን ወለዱ 14,217 ብር ከ53 ሳንቲም ሆነ። ባንኩ ወለዱን ከሒሳቤ ሲቆርጥ ዕዳው 1,002,217 ብር ከ53 ሳንቲም ደረሰ። አስተውሉ፤ እኔ አንዲት ብር አላወጣሁም። ከጣሪያው በላይ ያወጣኝ የባንኩ የራሱ ወለድ ነው።

ውሌ ከጣሪያ በላይ ለወጣ ገንዘብ ተጨማሪ 3 በመቶ የቅጣት ወለድ ይላል። ከጣሪያ የወጣው 2,217 ብር ከ53 ሳንቲም ነው፤ 3 በመቶው ለአንድ ቀን ሲሰላ 18 ሳንቲም ነው። ስቴትመንቴ ላይ ግን በቀን 82 ብር ከ37 ሳንቲም ነው የተቆረጠው። ስልኬን አውጥቼ ደጋግሜ አሰላሁት። ቁጥሩ የሚመጣው ቅጣቱ ከጣሪያው ባለፈው ገንዘብ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ብቻ ነው።

ቅርንጫፉ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ትሕትናዋ ልብ ይነካል፤ «እትዬ፣ ሲስተሙ ነው እኮ የሚያሰላው፤ እኛ የምንነካው ነገር የለም» አለችኝ። «ልጄ፣ ሲስተሙ የፈረምሁትን ውል አላነበበም፤ እኔ አንብቤዋለሁ» ብዬ አንቀጹን አሳየኋት። ወደ ሥራ አስኪያጁ ወሰደችኝ። እሱም አዳመጠኝ፣ ግን መፍትሔው በእጁ እንዳልሆነ ነገረኝ። ስለዚህ በጽሑፍ አመለከትሁ፤ የውሉን አንቀጽ ቅጂ፣ የስቴትመንቱን ገጽና የራሴን ስሌት አያይዤ፣ ግልባጩ ላይ የገቢ መዝገብ ማኅተም አስደርጌ። ብሔራዊ ባንክ በቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 ያወጣው የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ ባንኮች ክፍያቸውን በግልጽ እንዲያሳውቁና ቅሬታ የሚቀበሉበት ሥርዓት እንዲኖራቸው ያዝዛል፤ ባንኩ ካልፈታልህ ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ትችላለህ። ይህንን በማመልከቻዬ ላይ በአንድ መስመር ጠቅሼዋለሁ። ጠብ አልፈለግሁም። ገንዘቤን ነው የፈለግሁት። ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ መጣ፤ በብልጫ የተቆረጠው ቅጣት ተመለሰልኝ።

የገንዘቡ መጠን ትልቅ አልነበረም። የነገሩ ክብደት ግን ሌላ ነው። ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ 90 ቀን የቆየ ኦቨርድራፍት የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመደባል፤ የብድር ታሪክህም ሌሎች ባንኮች በሚያዩት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መያዣው ደግሞ እኔና ባለቤቴ ልጆቻችንን ያሳደግንበት ቤት ነው። በ1990 በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። በዚያ ላይ ጣሪያህ ሲሞላ የጻፍከው ቼክ ይመለሳል፤ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። ሁለት ሺህ ብርን ትንሽ የምታልፍ ብልጫ ናት ይህን ሁሉ ደጃፌ ያመጣው፤ እሷንም የፈጠራት የወለድ መቁረጫ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓውያኑ ወር ከማለቁ በፊት የወሩን ወለድ አስቀድሜ አሰላና ቢያንስ ያንን ያህል ከጣሪያው በታች ቦታ እተዋለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ዕዳው በ0.18 ተባዝቶ ለ365 ይካፈላል፣ ከዚያ በቀኖቹ ይባዛል። ባንክህ ለ365 ይሁን ለ360 እንደሚያካፍል ጠይቅ። በአንድ ሚሊዮን ብር ዕዳ ላይ በመጀመሪያው 493 ብር ከ15 ሳንቲም፣ በሁለተኛው 500 ብር በቀን ነው፤ በዓመት 2,500 ብር ይለያያል።

ሌላው ብዙ ገንዘብ ያተረፈልኝ የውሉን ማደሻ ጊዜ ማዛወር ነው። መጀመሪያ ውሌ የሚያበቃው ሰኔ ላይ ነበር። ሰኔ ለባንኩ የበጀት ዓመት መዝጊያ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ጨርቅ የሚገዛበት፣ ዕዳዬ በየቀኑ የሚያድግበት ወር። የማደሻ ፋይሌ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ውሉ አለቀ፤ ገንዘብ ማውጣት ታገደ። እስኪወሰን ድረስ ጊዜያዊ ማራዘሚያ ተሰጠኝ፣ ለማራዘሚያው አስከፈሉኝ፤ ፋይሉ ሲጸድቅ ደግሞ ሙሉ የማደሻ ክፍያ አስከፈሉኝ። ባንኩ ላዘገየው ነገር እኔ ሁለት ጊዜ ከፈልሁ። ያን ሰሞን ሰፊዎቼ ጨርቅ አጥተው እጃቸውን አጣጥፈው ሲቀመጡ የተሰማኝን አልረሳውም።

በሚቀጥለው ጊዜ የሰባት ወር ውል እንዲሰጡኝ፣ ክፍያውም በወሩ ልክ እንዲታሰብ ጠየቅሁ፤ ተስማሙ። በዚህ መንገድ ማደሻዬ ወደ ጥር ገባ። ጥር ላይ ሁሉም ነገር የተሟላ ነው። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሒሳቡን እስከ ጥቅምት 30 ያስታውቃል፤ ስለዚህ የታክስ ክሊራንሱ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብኝ የሚያረጋግጠው ወረቀት፣ በእጅ አለ። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው፤ እሱም ታድሷል። ሒሳቤ ደግሞ ከዜሮ በላይ ነው። ይህ የመጨረሻው ከሚመስለው በላይ ዋጋ አለው፤ ባንኩ ኦቨርድራፍቱ የእውነት የሚዞር ገንዘብ መሆኑን የሚያረጋግጠው ዕዳው በዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ከጣሪያው 20 በመቶ ወይም ከዚያ በታች መውረዱን አይቶ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ የሚኖር ሒሳብ ለባንክ የአደጋ ምልክት ነው፤ ለባለቤቱም ነው።

ስለ ዕለታዊው ጥንቃቄ ጥቂት ልበል። ወለድ በየዕለቱ ቀሪ ሒሳብ ላይ ስለሚታሰብ ገንዘብ የሚገባበት ቀን ዋጋ አለው። አንድ መቶ ሺህ ብር በአንድ ቀን ቀድሞ ከገባ 49 ብር ከ32 ሳንቲም ይቀንሳል። ዓርብ ከሰዓት የተቀበልሁትን ቼክ ሰኞ አስገባዋለሁ ብዬ መሳቢያ ውስጥ አላሳድርም። ቴሌብር ላይ የተከፈለኝንም ምሽቱን ወደ ባንክ ሒሳቤ አዛውረዋለሁ። የሌላ ባንክ ቼክ ደግሞ እስኪጣራ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ትምህርት ቤቶቹ እኔ ባለሁበት ባንክ ሒሳብ ካላቸው ከዚያ እንዲከፍሉኝ እለምናቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ። ለተቆረጠብኝ ክፍያ ሁሉ የባንኩን ደረሰኝ ጠይቄ ለሒሳብ ሠራተኛዬ እሰጣለሁ፤ ለባንክ የተከፈለ ወለድ ከግብር በፊት የሚቀነስ ወጪ ነው፣ ማስረጃ ግን ይፈልጋል።

በመጪው ጥር የምጠይቀውን ከወዲሁ ጽፌ አስቀምጫለሁ። የቅጣት ወለዱ «ከጣሪያው ባለፈው ገንዘብ ላይ ብቻ» የሚሉት ቃላት በውሉ ውስጥ በግልጽ እንዲገቡ፤ ባንኩ በራሱ ወለድ ምክንያት ጣሪያው ሲታለፍ ቅጣት ከመጀመሩ በፊት የጥቂት ቀናት ጊዜ እንዲሰጥ፤ ባንኩ ራሱ ካዘገየው የማራዘሚያ ክፍያ እንዳይጠየቅ። ጣሪያውን ደግሞ 1,250,000 አድርጉልኝ እላለሁ። የመጀመሪያውን እንደሚቀበሉኝ እርግጠኛ ነኝ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ እንከራከራለን። ጣሪያው የሚወሰነው በዋናው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ማመልከቻውን ኅዳር ላይ አስገባለሁ።